ነል ያለበት ዳታ ስታወዳድሩ የትኛው መንገድ ያዋጣል?

ዳታቤዝን በምንጠይቅበት ቋንቋ፣ በኤስኪውኤል፣ ነል ማለት እሴት የሌለበት ቦታ ነው። ሁለት ቴብሎች (ሠንጠረዦች) አሏችሁ እንበል። አንዱ የትናንቱ የደንበኞች ዝርዝር ነው፣ ሌላው የዛሬው። «ስልኩ የተቀየረ ደንበኛ ማን ነው?» ብላችሁ ለመጠየቅ ሁለቱን በደንበኛ ቁጥር ታገናኙና እንዲህ ትጽፋላችሁ።

```
ዌር አሮጌ.ስልክ <> አዲስ.ስልክ
```

ዌር ረድፎችን ያጣራል፣ <> ደግሞ «ይለያያሉ» ማለት ነው። ኩዌሪው (ለዳታቤዙ የቀረበው ጥያቄ) ምንም ስህተት ሳያሳይ ይሠራል። ውጤትም ያመጣል። ግን ትናንት ስልክ ሳይኖረው ዛሬ ያስመዘገበ ደንበኛ ውጤቱ ውስጥ የለም። ትናንት የነበረው ስልክ ዛሬ የተሰረዘበትም የለም። ማንም አያስጠነቅቃችሁም። ሪፖርቱ ደህና ይመስላል፣ ቁጥሩ ግን ጎዶሎ ነው። ከሲንታክስ ስህተት ይልቅ የሚያስፈራው ይኼ ነው፤ የሲንታክስ ስህተት ቢያንስ ይጮኻል።

መፍትሔው ብዙ ነው፤ ግራ የሚያጋባውም ብዛቱ ነው። አንዱ ኮዋሌስ ተጠቀሙ ይላል፣ ሌላው ኢዝ ዲስቲንክት ፍሮም፣ ሌላው ደግሞ በኦር የተቀጣጠለ ረጅም ዓረፍተ ነገር ይሰጣችኋል። አንዱ ዳታቤዝ ላይ የሚሠራው ሌላው ላይ አይሠራም። እዚህ መጀመሪያ መመዘኛ እናስቀምጣለን፣ ከዚያ እያንዳንዱን መንገድ በዚያው እንለካለን። የትእዛዞቹን ስም ሲነበቡ እንደሚሰሙት በፊደላችን ጽፌዋለሁ።

## መጀመሪያ የሚወሰነው ነገር

ነል ዜሮ አይደለም፣ ባዶ ጽሑፍም አይደለም። «እዚህ ቦታ እሴት የለም» የሚል ምልክት ነው። ስለዚህ አንድን ነገር በ= ወይም በ<> ከነል ጋር ስታወዳድሩ ኤስኪውኤል «እውነት» ወይም «ሐሰት» አይላችሁም። «አይታወቅም» ይላችኋል። ሁለቱም ወገን ነል ቢሆን እንኳ መልሱ ያው ነው። በፓይተን ነልን የሚመስለው ኖን ከኖን ጋር እኩል ስለሆነ፣ ከፕሮግራሚንግ ወደ ዳታቤዝ የሚመጣ ሰው እዚህ ጋ መሳቱ አይገርምም።

ዌር የሚያሳልፈው «እውነት» የሆነውን ረድፍ ብቻ ነው። «አይታወቅም» ከ«ሐሰት» ጋር አብሮ ይወድቃል። ፊቱ ላይ ኖት (መልሱን የሚገለብጠውን ቃል) ብትጨምሩም አይነሳም፤ «አይታወቅም» ቢገለበጥም ያው «አይታወቅም» ነው። ቴብል ላይ የሚቀመጠው የቼክ ገደብ (ዳታ ሲገባ የሚፈትሸው ደንብ) ግን በተቃራኒው ይሠራል። እሱ የሚከለክለው «ሐሰት»ን ብቻ ነው፣ «አይታወቅም»ን ያሳልፋል። «ዕድሜ > 0» የሚል ገደብ ብታስቀምጡ ዕድሜው ነል የሆነ ረድፍ ሰተት ብሎ ይገባል።

ሪሌሽናል ሞዴልን፣ ማለትም ዳታን በቴብል የማደራጀትን ሐሳብ፣ እ.ኤ.አ. በ1970 ያቀረበው ኤድጋር ኮድ በኋላ ላይ፣ በ1990፣ ነል ሁለት ዓይነት መሆን አለበት የሚል ሐሳብ አቅርቦ ነበር። አንዱ «እሴቱ አለ ግን አናውቀውም»፣ ሌላው «ጭራሽ አይመለከተውም» የሚል። በስፋት የምንጠቀምባቸው ዳታቤዞች ይህን አልወሰዱትም። አንድ ነል ሁለቱንም ትርጉም ተሸክሞ ቀረ። የመለየቱ ሥራ ኩዌሪውን በሚጽፈው ሰው ላይ ወደቀ ማለት ነው።

ስለዚህ ከየትኛውም ትእዛዝ በፊት አንድ ጥያቄ መልሱ። ለዚህ ጥያቄ ሁለት ነሎች እኩል ናቸው ወይስ አይደሉም?

ለውጥ እየፈለጋችሁ ከሆነ እኩል ናቸው። ትናንት ስልክ አልነበረም፣ ዛሬም የለም፣ ምንም አልተቀየረም። ሰው ከሰው እያመሳሰላችሁ ከሆነ ግን እኩል አይደሉም። ስልክ ያልሰጡ ሁለት ደንበኞች አንድ ሰው ናቸው ማለት አይቻልም። በሁለተኛው ጉዳይ ተራው = በትክክል የምትፈልጉትን ያደርጋል። ምንም ማስተካከያ አያስፈልገውም። ብዙ ሰው ነል ባየ ቁጥር ማስተካከያ ይለጥፋል፤ እኔ ግን ይህን ጥያቄ ሳይመልሱ መለጠፍ ራሱ ስህተት ያመጣል ባይ ነኝ።

ከዚህ በኋላ ያለው ንጽጽር «ሁለት ነሎች እኩል ይቆጠሩ» ለሚለው ጉዳይ ነው።

## መመዘኛዎቹ

የመጀመሪያው ትክክለኛነት ነው። መንገዱ በእነዚህ 5 ጥንዶች ላይ ትክክለኛ መልስ መስጠት አለበት።

| ግራ | ቀኝ | ተራው = የሚሰጠው | እኛ የምንፈልገው |
|---|---|---|---|
| 1 | 1 | እውነት | እኩል |
| 1 | 2 | ሐሰት | የተለያየ |
| 1 | ነል | አይታወቅም | የተለያየ |
| ነል | 1 | አይታወቅም | የተለያየ |
| ነል | ነል | አይታወቅም | እኩል |

ሁለተኛው፣ ኖት ሲጨመርበት መልሱ በትክክል ይገለበጣል ወይ የሚለው ነው። ይህን መመዘኛ ብዙ ሰው ይዘለዋል። ሦስተኛው ፍጥነት ነው፤ ኢንዴክስ (ረድፍን ቶሎ ለማግኘት የሚረዳ ማውጫ) መጠቀም ይችላል ወይ? አራተኛው፣ እናንተ ባላችሁ ዳታቤዝ ላይ ይሠራል ወይ? አምስተኛው፣ ከ6 ወር በኋላ የሚያነበው ሰው ምን ለማለት እንደተፈለገ ቶሎ ይገባዋል ወይ?

## 1. ረጅሙ መንገድ፦ ኢዝ ነል እና ኦር

```
ሀ = ለ ኦር (ሀ ኢዝ ነል ኤንድ ለ ኢዝ ነል)
```

ኢዝ ነል «ነል ነው ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፣ ኦር «ወይም»፣ ኤንድ «እና» ማለት ነው። የትም ይሠራል። ፖስትግሬስ፣ ማይኤስኪውኤል፣ ኦራክል፣ ኤስኪውኤል ሰርቨር፣ ኤስኪውኤላይት ሁሉም ያውቁታል። ለማንበብም ከባድ አይደለም። እኩል የሆኑትን ለማውጣት ስትጠቀሙበት ትክክለኛውን ረድፍ ይሰጣችኋል።

ጣጣው የሚመጣው ሲገለበጥ ነው። «የተለያዩትን አውጣ» ለማለት ይህንኑ በቅንፍ አድርጋችሁ ፊቱ ላይ ኖት ብትጨምሩ ምን ይሆናል? ግራው 1፣ ቀኙ ነል የሆነውን ረድፍ ውሰዱና ቀስ ብላችሁ ተከተሉት። «1 = ነል» የሚለው «አይታወቅም» ነው። ቅንፉ ውስጥ ያለው «1 ኢዝ ነል» ሐሰት ስለሆነ ቅንፉ በሙሉ ሐሰት ነው። «አይታወቅም» ኦር «ሐሰት» ሲደመር «አይታወቅም» ይሆናል። ኖት ሲጨመርበት አሁንም «አይታወቅም»። ረድፉ ወደቀ። መጀመሪያ ላይ ያስቸገረን ያው ደንበኛ እንደገና ጠፋ ማለት ነው፤ ለዚያውም «ነልን አስተካክያለሁ» ብለን ካመንን በኋላ።

የተለያዩትን በትክክል ለማውጣት ለብቻው መጻፍ አለበት።

```
ሀ <> ለ
ኦር (ሀ ኢዝ ነል ኤንድ ለ ኢዝ ኖት ነል)
ኦር (ሀ ኢዝ ኖት ነል ኤንድ ለ ኢዝ ነል)
```

ይህ ይሠራል። ግን ለአንድ ኮለም (ዓምድ) 5 ማወዳደሪያ ነው። 20 ኮለም ያለው ቴብል ሲሆን 100 ይደርሳል። ከ100 ውስጥ አንዱ ላይ የኮለም ስም ተሳስታችሁ ብትገለብጡ ዓይን አይይዘውም። ለአንድ ወይም ለሁለት ኮለም ደህና ነው፣ ከዚያ በላይ ግን አልመክረውም።

## 2. ምትክ እሴት፦ ኮዋሌስ

```
ኮዋሌስ(ሀ, -1) = ኮዋሌስ(ለ, -1)
```

ኮዋሌስ ነል ሲያገኝ በሰጣችሁት ምትክ ይተካዋል። ይህ በጣም የተወደደ መንገድ ነው። አጭር ነው፣ ሁሉም ዋና ዳታቤዞች ላይ አለ፣ ሲገለበጥም በትክክል ይገለበጣል፤ ምክንያቱም ነሉ ቀድሞ በምትክ ስለተተካ «አይታወቅም» የሚባል መልስ አይመጣም። ማይኤስኪውኤል ላይ ኢፍነል፣ ኦራክል ላይ ኤንቪኤል፣ ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ ደግሞ ተያይዞ የሚጻፈው ኢዝነል ተመሳሳይ ሥራ ይሠራሉ።

የኮዋሌስ ደካማ ጎን ምትኩ ራሱ ነው። -1 ብላችሁ ስትመርጡ «ይህ ኮለም ውስጥ -1 መቼም አይገባም» ብላችሁ ቃል እየገባችሁ ነው። ዛሬ እውነት ሊሆን ይችላል። ነገ ሌላ ሲስተም «ስህተት» ለማለት -1 ቢልክ፣ ነል እና -1 አንድ ሆነው ይቆጠራሉ። ማንም አያውቅም።

ቀን ላይ ደግሞ ይብሳል። ብዙ ሰው 1900-01-01ን ምትክ አድርጎ ይይዛል፤ ማን ይመዘግበዋል ብሎ ነው። ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ ግን ባዶ ጽሑፍ ወደ ቀን ሲቀየር የሚወጣው ልክ 1900-01-01 ነው። ከፋይል የመጣ ባዶ ቦታ ሳይጣራ ከገባ ኮለሙ በዚያ ቀን ተሞልቶ ታገኙታላችሁ። ፈጽሞ አይገኝም ያላችሁት ምትክ በሺህ ረድፍ ተቀምጧል።

ኦራክል ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። ኦራክል ባዶ ጽሑፍን እንደ ነል ነው የሚቆጥረው። ስለዚህ `ኮዋሌስ(ስልክ, '')` ብላችሁ ብትጽፉ ነልን በነል ተካችሁ፣ ምንም አልተለወጠም። ፖስትግሬስ ላይ በደንብ የሠራ ኩዌሪ ኦራክል ላይ ሲወሰድ ዝም ብሎ ይሰበራል።

ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ ያለው ኢዝነል ደግሞ የመጀመሪያውን እሴት ዓይነት ነው የሚይዘው። ኮለሙ 2 ፊደል ብቻ የሚቀበል ከሆነ «ያልታወቀ» ብላችሁ የሰጣችሁት ምትክ «ያል» ሆኖ ተቆርጦ ይወጣል። ኮዋሌስ እንዲህ አይቆርጥም።

ፍጥነትን በተመለከተ፣ ኮለሙን በፈንክሽን ስትሸፍኑት ኮለሙ ላይ ያለው ተራ ኢንዴክስ ብዙውን ጊዜ ከጥቅም ውጭ ይሆናል። እንደ ፖስትግሬስ ያሉት በኤክስፕሬሽን (በስሌት ውጤት) ላይ ኢንዴክስ መሥራት ስለሚፈቅዱ `ኮዋሌስ(ስልክ, '-')` ራሱን ኢንዴክስ ማድረግ ይቻላል። በጣም ትልቅ ዳታ ላይ ነል ያለበትን ኮለም የግድ ለጆይን (ቴብሎችን ለማገናኘት) መጠቀም ካለባችሁ ይህ ጥሩ መውጫ ነው።

የእኔ አቋም፣ ኮዋሌስ ለማሳያ ግሩም ነው፤ ሪፖርት ላይ ባዶ ከሚታይ «አልተመዘገበም» ቢል ይሻላል። ለማወዳደሪያ ግን የመጀመሪያ ምርጫ መሆን የለበትም።

## 3. ለዚሁ የተሠራው፦ ኢዝ ዲስቲንክት ፍሮም

```
ዌር አሮጌ.ስልክ ኢዝ ዲስቲንክት ፍሮም አዲስ.ስልክ
```

የኤስኪውኤል ስታንዳርድ ይህን ችግር አይቶ ያስቀመጠው መልስ ነው። ኢዝ ዲስቲንክት ፍሮም «የተለያዩ ናቸው» ማለት ነው፣ ኢዝ ኖት ዲስቲንክት ፍሮም «እኩል ናቸው» ማለት ነው። መልሱ ሁልጊዜ «እውነት» ወይም «ሐሰት» ነው። 5ቱንም ጥንዶች ያልፋል፣ ኖት ሲጨመርበት በትክክል ይገለበጣል፣ ምትክ እሴት መፈልሰፍ አያስፈልግም። አንባቢም ምን እንደተፈለገ ወዲያው ይገባዋል።

መጀመሪያ ላይ አንድ ነገር ሊያምታታ ይችላል። ኖት ያለበት እኩል፣ ኖት የሌለበት የተለያየ ነው። አንዴ ከለመዳችሁት በኋላ አያስቸግርም።

የት የት አለ? ፖስትግሬስ ላይ ከቆየ ሰንብቷል። ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ የገባው በ2022 ቨርዥን ነው፤ ከዚያ በታች ያለው ላይ ስህተት ይሰጣል። ኤስኪውኤላይት እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው 3.39 ላይ ጨምሮታል፣ ከዚያ በፊትም ቢሆን `ሀ ኢዝ ለ` ብሎ መጻፍ ይበቃ ነበር፤ እዚያ ኢዝ ለማንኛውም እሴት ይሠራል። ማይኤስኪውኤል እና ማሪያዲቢ ላይ ሥራውን የሚሠራው `<=>` የሚለው ምልክት ነው። ለተለያዩት `ኖት (ሀ <=> ለ)` ይባላል። ምልክቱ አጭር ነው፣ ግን ለማያውቀው ሰው ስለማይነግረው አጠገቡ አንድ መስመር ማስታወሻ ብትተዉ ጥሩ ነው።

ኦራክል ላይ ደግሞ ዲኮድ የሚባለው የቆየ ፈንክሽን ሁለት ነሎችን እኩል አድርጎ ይቆጥራል። `ዲኮድ(ሀ, ለ, 1, 0) = 1` እኩል ማለት ነው፣ `= 0` የተለያየ ማለት ነው። መልኩ ባያምርም መልሱ ትክክል ነው፣ ምትክ እሴትም አይፈልግም።

የፍጥነቱ ነገር ጥንቃቄ ይፈልጋል። ማይኤስኪውኤል በ`<=>` ኢንዴክስ መጠቀም ይችላል። ፖስትግሬስ ግን በስፋት በሚሠራባቸው ቨርዥኖች ላይ ለኢዝ ኖት ዲስቲንክት ፍሮም ተራውን ኢንዴክስም ሆነ ሀሽ ጆይንን (ፈጣን የማገናኛ ዘዴን) አይጠቀምም። ይህን ጆይን ላይ ብታደርጉት ሁለቱን ቴብሎች እያንዳንዱን ረድፍ ከእያንዳንዱ ጋር ወደ ማወዳደር ይሄዳል። ትናንሽ ቴብሎች ላይ አይታወቅም፣ ሚሊዮን ረድፍ ላይ ግን ሰዓት ይበላል።

መፍትሔው አብዛኛውን ጊዜ ቀላል ነው። ጆይኑን ነል በማይቀበል መለያ ቁጥር ላይ በተራው = አድርጉ፣ ኢዝ ዲስቲንክት ፍሮምን ደግሞ ዌር ውስጥ ለተቀሩት ኮለሞች ተጠቀሙ። ኢንዴክሱ በመለያ ቁጥሩ ይሠራል፣ ማወዳደሩ ከተገናኙ በኋላ ይመጣል። ለውጥ ፍለጋ ከሞላ ጎደል ሁሌም በዚህ መልክ ሊጻፍ ይችላል።

ነል ያለበትን ኮለም ለጆይን ከመጠቀማችሁ በፊት ደግሞ ብዛቱን ቁጠሩ። በግራ 1,000 ነል፣ በቀኝ 1,000 ነል ካለና «ነል ከነል እኩል ነው» ካላችሁ፣ ከእነሱ ብቻ 1,000,000 ረድፍ ይወጣል።

## 4. በስብስብ ማወዳደር፦ ኢንተርሴክት እና ኤክሴፕት

ኤስኪውኤል በአንድ በኩል «ነል ከነል እኩል መሆኑ አይታወቅም» ይላል፣ በሌላ በኩል ግን ዲስቲንክት፣ ግሩፕ ባይ፣ ዩኒየን፣ ኢንተርሴክት እና ኤክሴፕት ሲሆን ነሎችን እንደ አንድ ይቆጥራል። ወጥነት የለውም ብላችሁ ብትቆጡ እውነታችሁን ነው። ግን ለእኛ ይጠቅመናል። ኤክሴፕት ከመጀመሪያው ውስጥ ሁለተኛው ላይ የሌለውን፣ ኢንተርሴክት ሁለቱም ጋ ያለውን ያወጣል፤ ኤግዚስትስ ደግሞ «ቢያንስ አንድ ረድፍ ተገኘ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል።

```
ዌር ኤግዚስትስ (
  ሴሌክት አሮጌ.ስም, አሮጌ.ስልክ, አሮጌ.አድራሻ
  ኤክሴፕት
  ሴሌክት አዲስ.ስም, አዲስ.ስልክ, አዲስ.አድራሻ
)
```

ይህ «ከሦስቱ ቢያንስ አንዱ ተቀይሯል» ማለት ነው። ነል በትክክል ይስተናገዳል፣ 20 ኮለም ቢሆንም ሁለት መስመር ላይ የኮለም ስም መደርደር ብቻ ነው። ኤክሴፕትን በኢንተርሴክት ብትቀይሩት «ሁሉም እኩል ናቸው» ይሆናል። ኤግዚስትስ «አይታወቅም» የሚል መልስ ስለማይሰጥ ሲገለበጥም አይበላሽም። ከ2022 በፊት የወጣ ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ ለምትሠሩ ከሁሉም የሚሻለው ይሄ ነው። ማይኤስኪውኤል ኢንተርሴክትና ኤክሴፕትን የጨመረው 8.0.31 ላይ ስለሆነ ቨርዥናችሁን እዩ። ኦራክል ላይ ኤክሴፕትን ማይነስ ብላችሁ ታገኙታላችሁ።

ሙሉ ቴብል ከሙሉ ቴብል ለማወዳደርም «ከአሮጌው ያለው ኤክሴፕት ከአዲሱ ያለው» ማለት ይቻላል። ሁለት ነገር አትርሱ። አንደኛ፣ በሁለቱም አቅጣጫ መደረግ አለበት፤ አንዱ የተሰረዘውን እንጂ የተጨመረውን አያሳይም። ሁለተኛ፣ ኤክሴፕት የተደጋገመውን ረድፍ ወደ አንድ ስለሚያጠፈው፣ አንድ ረድፍ አሮጌው ላይ 3 ጊዜ፣ አዲሱ ላይ 1 ጊዜ ቢኖር ልዩነት የለም ይላችኋል።

ድክመቱ አንባቢው ነው። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው ለምን እንዲህ ተጻፈ ብሎ ይደናገራል።

## 5. ከምንጩ መከላከል፦ ኖት ነል

ኮለሙ ነል እንዳይቀበል ካደረጋችሁት ማወዳደሩ ተራ = ይሆናል። ፈጣን ነው፣ ግልጽ ነው። መለያ ቁጥር፣ የተመዘገበበት ቀን፣ ሁኔታ የመሳሰሉት ሁልጊዜ መኖር ያለባቸው ኮለሞች ላይ ያለማመንታት አድርጉት።

ግን ነልን ለመሸሽ ብቻ ያልታወቀ ነገር ላይ 0 አትሙሉ። 3 ረድፍ አለ፣ እሴቶቹ 10፣ 20 እና ነል ናቸው እንበል። አማካይ ሲሰላ ነሉ ተዘልሎ 15 ይመጣል። ነሉን በ0 ከተካችሁት አማካዩ 10 ይሆናል። ያልተለካውን ነገር «ተለክቶ ዜሮ ሆነ» ብላችሁ መዘገባችሁ ማለት ነው። ይህ ውሸት ነው፣ በኋላም ከእውነተኛው ዜሮ መለየት አይቻልም።

## በአንድ ላይ ሲታዩ

| መንገድ | 5ቱ ጥንዶች | ሲገለበጥ | ኢንዴክስ | የት ይሠራል | ለአንባቢ |
|---|---|---|---|---|---|
| ኢዝ ነል እና ኦር | ያልፋል | ይበላሻል | እንደ ዳታቤዙ | ሁሉም ጋ | ለ1 ኮለም ግልጽ፣ ለብዙ አድካሚ |
| ኮዋሌስ | ምትኩ ካልተጋጨ | ደህና | ኤክስፕሬሽን ኢንዴክስ ካለ | ሁሉም ጋ | ግልጽ፣ ግን ስጋቱ አይታይም |
| ኢዝ ዲስቲንክት ፍሮም፣ `<=>`፣ ዲኮድ | ያልፋል | ደህና | እንደ ዳታቤዙ | በየዳታቤዙ ስሙ ይለያያል | በጣም ግልጽ፤ `<=>` እና ዲኮድ ማስታወሻ ይፈልጋሉ |
| ኢንተርሴክት እና ኤክሴፕት | ያልፋል | ደህና | እንደ ዳታቤዙ | ቨርዥን ማየት ያስፈልጋል | ለብዙ ኮለም አጭር፣ ማስታወሻ ይፈልጋል |
| ኖት ነል | ነሉ ራሱ የለም | ደህና | ሙሉ በሙሉ | ሁሉም ጋ | ከሁሉም ግልጽ |

## ለብቻው መነገር ያለበት፦ ኖት ኢን

«ዝርዝሩ ውስጥ የሌሉትን አውጣ» የሚለው ጥያቄ ላይ ያለው ምርጫ ኖት ኢን፣ ኖት ኤግዚስትስ እና ሌፍት ጆይን ነው። እዚህ ላይ አቋሜ ጠንካራ ነው። ከሰብኩዌሪ (ኩዌሪ ውስጥ ካለ ኩዌሪ) ጋር ኖት ኢን አትጠቀሙ።

ምክንያቱ ይኼ ነው። `ቁጥር ኖት ኢን (1, 2, ነል)` የሚለው ሲተረጎም «ቁጥሩ ከ1 ይለያል፣ ከ2 ይለያል፣ ከነልም ይለያል» ማለት ነው። የመጨረሻው ሁልጊዜ «አይታወቅም» ስለሆነ አጠቃላዩ መቼም «እውነት» ሊሆን አይችልም። ሰብኩዌሪው ከሚያመጣው ሚሊዮን ረድፍ አንዱ ብቻ ነል ቢሆን ውጤቱ ባዶ ነው። ዜሮ ረድፍ። «ትእዛዝ ያላዘዙ ደንበኞች» ብላችሁ ስትጠይቁ ዜሮ ከመጣ «ጎበዝ፣ ሁሉም አዘዋል» ብላችሁ ልታልፉት ትችላላችሁ።

ኖት ኤግዚስትስ ይህ ችግር የለበትም። የሚጠይቀው «የሚገጥም ረድፍ ተገኘ ወይስ አልተገኘም» ብቻ ነው። አንድ ልዩነት ግን እወቁ፦ ግራው ላይ ያለው ራሱ ነል ሲሆን ኖት ኤግዚስትስ ያንን ረድፍ ውጤቱ ውስጥ ያስገባዋል፣ ምክንያቱም የሚገጥመው አልተገኘም። አብዛኛውን ጊዜ የምትፈልጉትም ይህንኑ ነው።

ሌፍት ጆይን (የግራውን ረድፍ ሁሉ ይዞ፣ የሚገጥመው ካጣ ቀኙን ነል የሚያደርገውን) አድርጋችሁ «ቀኙ ኢዝ ነል» የምትሉ ከሆነ፣ የምትፈትሹት ኮለም ቀኙ ቴብል ላይ ነል የማይቀበል መሆን አለበት። ዋና መለያውን ፈትሹ። ነል የሚቀበል ኮለም ብትፈትሹ «አልተገኘም» እና «ተገኝቷል ግን ባዶ ነው» ይደባለቁባችኋል።

## እንደየፍላጎታችሁ

ጀማሪ ከሆናችሁና ዳታው ትንሽ ከሆነ፣ ዳታቤዛችሁ የሚያውቀውን የኢዝ ዲስቲንክት ፍሮም መልክ ተማሩና እሱን ያዙ። ስለ ኢንዴክስ አሁን አትጨነቁ።

አንድ ኩዌሪ ብዙ ዓይነት ዳታቤዝ ላይ መሄድ ካለበት፣ ረጅሙን መንገድ ጻፉ። እኩል እና የተለያየ ለየብቻ ይጻፉ፣ አንዱን በኖት ገልብጣችሁ ሌላውን አታውጡ።

በየሌሊቱ ትልቅ ዳታ እያወዳደራችሁ ከሆነ፣ በመለያ ቁጥር በ= ጆይን አድርጉ፣ ከዚያ ኤክሴፕት ወይም ኢዝ ዲስቲንክት ፍሮም። የኤክስፕሌይንን (ዳታቤዙ ኩዌሪውን እንዴት እንደሚሠራው የሚያሳየውን ትእዛዝ) ውጤት ሳታዩ ወደ ሥራ አታስገቡት። ለማፍጠን የረድፉን ኮለሞች ገጣጥማችሁ ሀሽ (ከጽሑፉ የሚሰላ አጭር መለያ) የምታወጡ ከሆነ ደግሞ አገጣጠሙን ተጠንቀቁ። ኮንካት ደብሊውኤስ የሚባለው ፈንክሽን ነልን ይዘላል፤ «ሀ፣ ነል፣ ለ» እና «ሀ፣ ለ፣ ነል» አንድ ዓይነት ጽሑፍ ይሆናሉ፣ ሀሻቸውም አንድ ይሆናል። እሴቱ ከአንድ ኮለም ወደ ሌላው ሲዛወር አይታያችሁም።

አዲስ ቴብል እየነደፋችሁ ከሆነ፣ ከኖት ነል ጀምሩ፣ ነል የምትፈቅዱት ምክንያት ሲኖራችሁ ብቻ ይሁን። የዩኒክ ገደብ (እሴት እንዳይደገም የሚከለክል) ስታስቀምጡም ዳታቤዛችሁን እወቁ። ፖስትግሬስ በተለምዶ ብዙ ነሎችን ይፈቅዳል፣ ከ15ኛው ቨርዥን ጀምሮ ግን ነልስ ኖት ዲስቲንክት ብላችሁ ከአንድ በላይ ነልን መከልከል ትችላላችሁ። ኤስኪውኤል ሰርቨር በራሱ አንድ ነል ብቻ ነው የሚፈቅደው።

የቆየ ሲስተም ከተረከባችሁ፣ ሁሉንም በአንዴ ለመቀየር አትሞክሩ። መጀመሪያ ኖት ኢን ከሰብኩዌሪ ጋር ያለበትን ሁሉ ፈልጉ፣ ጉዳቱ ከባድ ስለሆነ። ቀጥሎ ነል በሚቀበሉ ኮለሞች ላይ ያሉትን <> እዩ። ኤስኪውኤል ሰርቨር ከሆነ ደግሞ አንሲ ነልስ የሚባለው ሴቲንግ ጠፍቶ እንደሆነ አጣሩ። እሱ ሲጠፋ `= ነል` እንደ ኢዝ ነል ይሠራል፣ ማይክሮሶፍት ደግሞ ይህ ሴቲንግ ወደፊት እንደሚቀር አስታውቋል። በእሱ የተደገፈ ኩዌሪ ካለ ቀድማችሁ በኢዝ ነል ቀይሩት። ከእያንዳንዱ ለውጥ በፊትና በኋላ ከላይ ያሉትን 5 ጥንዶች በሙከራ ቴብል ላይ አስገብታችሁ ውጤቱን አስተያዩ።